ባለቤቱ ሳይመጣ አይከፈትም

ብርቄ ድሮ የምትደውልልኝ ወይ ሰው ሲወለድ ወይ ሰው ሲሞት ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ለሁለተኛው ብቻ ሆኗል። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ሳለሁ በተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ትንሽ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ማን ይሆን እያልኩ አነሣሁት።

«ጋሽ ልየው አረፉ» አለችኝ።

ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኮምፒውተሩስ?»

«ምን?»

«ኮምፒውተሩ፤ የት ነው ያለው?»

«ወይ አንቺ ሴትዮ! ሰው ሞተ ስልሽ ስለ ዕቃ ትጠይቂኛለሽ?» ተቆጣች። መቆጣቷ አያስደንቅም፤ ብርቄ ባትቆጣ ነው የሚደንቀኝ። ድምፅዋ ግን ወዲያው ለዘብ አለ። «አለ። እንደ ድሮው ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል።»

ጋሽ ልየውን በዚያ ኮምፒውተር ማስታወሴ እንደ ንቀት የሚቆጠር ከሆነ ይቆጠርብኝ። እሳቸውን ያለ እሱ ማሰብ አልችልም።

እኔ ለጂኦግራፊ አስተማሪነት ማርቆስ ስመደብ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ነበር። የትምህርት ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። እኔ አልደረስኩባቸውም፤ ወሬያቸው ግን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ገና ትኩስ ነበር። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ እንግዳ መጥቶባቸው ኳስ አምጡ ቢሏቸው፣ ጋሽ ልየው ቁልፋቸውን ወገባቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቆመው፣ «ኳሱ የስፖርት አስተማሪው ነው፤ ባለቤቱ ሳይመጣ አይከፈትም» አሉ አሉ። ርእሰ መምህሩ ለምነው፣ ተቆጥተው፣ መጨረሻ ላይ ስቀው ተመለሱ። ያቺ አባባል ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ሆና ቀረች። ጠመኔ ከልክሎ ያስቸገረንን ሰው ሁሉ «ልየው ሆነብን» እንለው ነበር።

እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ወሬው እውነት መሆኑን በዓይኔ አየሁ። አንድ ጎረቤታቸው ወደ መተከል ለሥራ ሲሄድ አንድ ጆንያ ሽምብራ አደራ ብሎ ሰጥቷቸው ነበር። ሰውየው ቶሎ አልተመለሰም። ጆንያው እልፍኝ ጥግ ተቀመጠ፤ ነቀዝ ገባው፤ ዱቄቱ በስፌቱ እየተንጠባጠበ ወለሉን አለበሰው። ሚስታቸው እትዬ አዛለች «አሁንም አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው የምትለው? ሽጠውና ብሩን አስቀምጥለት እንጂ!» ብለው ቢለፈልፉ የሚሰማቸው አላገኙም። ባለቤቱ አንድ ቀን መጣ። ጋሽ ልየው ጆንያውን በክብር ተሸክመው አወጡና «ይኸው ንብረትህ» ብለው ሰጡት። ሰውየው አፉን ከፍቶ ሲያይ ባዶ ገለባ ነው። እትዬ አዛለች በሳቅ ወድቀው ተነሡ።

እትዬ አዛለች የባላቸው ተቃራኒ ነበሩ። እሳቸው እጅ ላይ ምንም ነገር አይቆይም፤ በተለይ ወሬ። ገበያ ውለው ሲመጡ፣ የገበያው ወሬ ከገበያው ይረዝማል። የነጋዴውን ድምፅ ያስመስላሉ፣ የአህያውን ያስመስላሉ፣ አንዳንዴም ያልነበረውን ሰው ይጨምራሉ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። እልፍኛቸው በሰው ተሞልቶ ነበር የሚያመሸው።

የሚያመሹበት ምክንያት ደግሞ ድራማው ነው። ያኔ ዲሽ የሌለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣና በአማርኛ ድምፅ የተተካለት አንድ ተከታታይ ድራማ ከተማውን ሁሉ ይዞት ነበር። ታሪኩ አማቷ በተንኮል ከቤቷ ስላስወጣቻትና ባሏ የሞተች ስለሚመስለው ሴት ነው። የሴትዮዋን ስም መያዝ ስላቃተን ሁላችንም «ምስኪኗ» እንላት ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን የመግቢያው ዘፈን ይጀምራል፤ ያኔ ከብርቄ ሱቅ ሻማ እንኳ ልግዛ ብትል የሚሸጥልህ አታገኝም።

እትዬ አዛለች ታመሙ። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ጋሽ ልየውም አብረው ነበሩ። ሲመለሱ እትዬ አዛለች ከቁስላቸው በፊት የጠየቁት ስለ ምስኪኗ ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበው ያመለጣቸውን ነገሯቸው፤ አንዷ ባሏ አግብቷል ትላለች፣ አንዷ ሊያገባ ነው እንጂ አላገባም ትላለች፣ ብርቄ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ድራማ ነው የምትነግራቸው። «እያንዳንድሽ የየራስሽን ነው የምታወሪኝ!» አሉ እትዬ አዛለች እየሳቁ። ጋሽ ልየው ግን አልሳቁም። እሳቸው ቤት አንድ ነገር ጎድሏል፤ ንብረት ጎድሏል።

ለሕክምና ክትትል በየጊዜው አዲስ አበባ መመላለስ ሊኖር ነው። ስለዚህ የወንድማቸው ልጅ የተወውን አሮጌ ኮምፒውተር አስልከው አስመጡ። የጥገና ሱቅ ያለው ሰውዬ ቲቪ ካርድ የሚሉትን ነገር ሆዱ ውስጥ ከተተለት፤ ከዲሹ ሪሲቨር ገመድ ስቦ ከጀርባው ሰካለት፤ ሰዓት ሞላለት። ሁለት ሰዓት ሲሆን ራሱ መቅዳት ይጀምራል። አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ብቻውን አይነሣም። በማርቆስ መብራት ደግሞ፣ ሰው ካልቆመለት አይታመንም። ካመለጠ በማግስቱ ቀን ድራማው ሲደገም ይያዛል።

የመጀመሪያው ሙከራ መሳቂያ ሆነ። ሌላ ገመድ ለድምፁ እንደሚያስፈልግ ጋሽ ልየው አላወቁም ነበር። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሰው ተሰብስቦ ቢከፈት፣ የድራማው ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ ድምፅ የለም። የሳምንቱ ሁሉ እንደዚያ ነው። ጋሽ ልየው ላብ አጠመቃቸው። እትዬ አዛለች ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉና፣ «ተዉት፣ እኔ እናገርላቸዋለሁ» አሉ። አማቲቱን በዓይነ ጥላ የተያዘች አስመስለው አወሯት፤ ባልየውን ሊቀ ጠበብት አደረጉት፤ ፖሊሱን የማርቆስ ትራፊክ አደረጉት። ሆዴን ይዤ ወደ ውጪ ወጣሁ። በኋላ ድራማው ከእውነተኛ ድምፁ ጋር ሲደገም አይተን ሁላችንም ቅር አለን፤ የእትዬ አዛለች ይሻል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጋሽ ልየው በድምፅ ጉዳይ ማንንም አያምኑም። ድምፁን ለማግስቱ ከፍ አድርገው ነው የሚተዉት፤ መቅዳት ሲጀምር የመግቢያው ዘፈን ይሰማል፤ «ድምፅ አለ» ይላሉ፤ ተቀድቶ እስኪያልቅ ይቀንሱታል።

ቀጥሎ የሆነውን ለማውራት ብዙም አልወድም። ሐኪሞቹ በቃን አሉ። እትዬ አዛለች ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ወደ ጮቄ ግድም ያለ ጸበል ሊገቡ ተነሡ። መብራት የለበትም፣ ስልክም በደንብ አይሠራበትም። ታናሽ እህታቸው ዓለሚቱ አብራ ልትሄድ ተዘጋጀች። ጋሽ ልየውም ጋቢያቸውን አጥፈው ሻንጣ ላይ አስቀመጡ። እኔ ዕቃ እያቀበልኩ ነበርና ሰማሁ።

«አንተ የት ነው?» አሏቸው እትዬ አዛለች።

«ከአንቺ ጋር ነዋ።»

«ምስኪኗን ለማን ትተህ? መብራት ሲሄድ ማን ያነሣታል? አንተ እዚሁ ሁንና ቅዳልኝ። ድኜ ስመጣ አንድ በአንድ ነው የማያት። ደግሞ እኔ ሳልመጣ ብታይ ወዮልህ!»

«አዛሉ፣ እንዴት ብቻሽን…»

«ዓለሚቱ አለች። ውሃው ሲፈስብኝ ቆመህ ፊትህን ከምታጨማድድብኝ፣ እዚህ ሥራህን ሥራልኝ።»

ጋሽ ልየው ጋቢያቸውን ከሻንጣው ላይ አነሡ።

ከዚያ ወዲህ የግቢው ማታ ሌላ ሆነ። እልፍኙ ውስጥ ሰው አይገባም፤ ባለቤቷ ሳትመጣ ድራማው አይታይማ። ጋሽ ልየው ራሳቸውም እንዳያዩ የእትዬ አዛለችን ነጠላ ስክሪኑ ላይ ይጥሉበታል። እኔ በክፍሌ ሆኜ ደብተር እያረምኩ እሰማለሁ፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ያ ዘፈን ድንገት ይነሣል፣ «ድምፅ አለ» ይላሉ ለማንም፣ ከዚያ ጸጥ። ብቸኝነት ድምፅ ቢኖረው እንደዚያ ነው የሚሰማው እል ነበር። በሩቅ ከሰው ቤት ሁሉ የዚያው ድራማ ድምፅ ይመጣል፤ እሳቸው ጨለማ ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀምጠዋል።

ቀን ቀን ደግሞ ወሬውን ይሸሻሉ። ብርቄ ሱቅ ጨው ሊገዙ ሲገቡ ሴቶቹ ስለ ምስኪኗ ከያዙ፣ ሁለት ጆሯቸውን ይዘው «እንዳትነግሩኝ! እንዳትነግሩኝ!» እያሉ ጨውን ትተው ይወጣሉ። ሴቶቹ ሆን ብለው ይጀምሩባቸው ነበር። ግን ለክፋት አልነበረም፤ እሳቸውን ማሳቅ ስላቃታቸው በእሳቸው ይስቃሉ።

ለጥየቃ ጸበሉ ድረስ በእሑድ ይሄዳሉ። ታዲያ ገና አረፍ ከማለታቸው እትዬ አዛለች ወደ ፀሐይዋ ቀና ብለው ያዩና፣ «ተነሥ፣ መኪና ያልቅብሃል፤ ሁለት ሰዓት ይደርስብሃል» ይሏቸዋል። ጋሽ ልየው ይነሣሉ። የመጨረሻው ጊዜም እንዲሁ ነበር። እትዬ አዛለች ያረፉት ከዚያ በኋላ በዚያው ሳምንት ነው፤ መልእክቱ በሰው መጣ፣ አስከሬኑም በማግስቱ መጣ።

የቀብሩ ዕለት ማታ እልፍኙ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ዓለሚቱ ሙሾ እያወረደች ነው፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል። ለቅሶ ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ሕፃን ያውቃል፤ ያን ማሽን ግን ያሰበው ሰው አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሲሆን የዚያ ድራማ ዘፈን፣ ዋሽንቱ ከበሮው፣ በለቅሶው መካከል ቱግ አለ።

ለቅሶው ተቆረጠ። «ኧረ ዝጉት! ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አሉ የእድሩ ሰብሳቢ። አንድ ሰው ተነሥቶ ገመዱን ሊነቅል እጁን ሰደደ።

«እንዳትነካ!»

ጋሽ ልየው ቀኑን ሙሉ ድምፅ አልወጣቸውም ነበር። ተነሥተው በሰዎቹ ጉልበት መካከል እየተራመዱ ደረሱ፤ ሰውየውን ገለል አደረጉት። «አደራ ነው። ድምፁን እቀንሰዋለሁ፤ እሱ ግን ይቀዳል» አሉ። ቀነሱት። የተንሸራተተውን ነጠላ አስተካክለው ስክሪኑ ላይ ጣሉ። ተመልሰው ተቀመጡ። ከነጠላው ሥር ብርሃኑ ቀይ ሰማያዊ እየሆነ ሲንቀሳቀስ ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

ዓለሚቱ ግን አልማረቻቸውም። ጸበሉ ዘንድ ብቻዋን የእህቷን ራስ ይዛ የከረመች ሴት ናት። ለቅሶዋን መልሳ ስታነሣ እንዲህ አለች፦

እሷ በጸበሉ ስትጣራ ማታ፣
ሥዕል ይለቅማል የቤቷ አለኝታ።

ያቺ ሙሾ በከተማው ዞረች። እንዲህ ዓይነት ነገር በጎጃም ቶሎ ይያዛል፤ ከተያዘ ደግሞ አይለቅም። ጋሽ ልየው መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰው ከንፈሩን ይመጣል፣ ለማዘን ይሁን ለመታዘብ አይለይም። «ሚስቱ ስትሞት ድራማ ሲቀዳ ነበር» ይላሉ። እሳቸው ግን መቅዳቱን አላቆሙም። ማታ ሁለት ሰዓት፣ ዘፈኑ፣ «ድምፅ አለ»፣ ጸጥ። ጆሮ መያዙንም አልተዉም፤ ሴቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አልሳቁም፣ እሳቸውን ሲያዩ ወሬያቸውን ራሳቸው ይቆርጣሉ።

አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ደረስኩ። አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ድራማውን እውነት ፈልጋው ይመስልሻል?»

«እንዴት ማለት ጋሼ?»

«ፈልጋው ከሆነ፣ የታዘዝኩትን አድርጌያለሁ። እኔን ከአጠገቧ ለማራቅ ብላ ከሆነ ግን…» ወደ እልፍኙ ዞረው አዩ። «በዚያ ሳምንት መብራት አንዴም አልጠፋም እኮ። ብቻውን ይቀዳ ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሱ ብቻውን ይቀዳ ነበር።»

ቡና ላፍላልዎ ብዬ ተነሣሁ፤ አልፈልግም አሉ።

ድራማው አለቀ። መጨረሻውን ከተማው ሁሉ አየ፣ ተከራከረበት፣ ረሳው። ጋሽ ልየው የሚቀዳ ነገር አጡ፤ ሁለት ሰዓት ግን በየቀኑ ይመጣል። ስለዚህ እንደ ድሮው የግምጃ ቤት ቆጠራ፣ በየማታው አንዱን ይከፍቱና የመግቢያውን ዘፈን አሰምተውት፣ «ድምፅ አለ» ብለው ይዘጉታል። እንዳይበላሽ ነው። እኔ ስሰማው ያ የሽምብራ ጆንያ ይመጣብኝ ነበር።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ መሄድ ሲጀምር፣ ማንም የማያውቃት ሴት በቅል ማር ይዛ ከበሩ ቆመች። የገጠር ሴት ናት፣ ጠየም ያለች፣ ነጠላዋን በወጉ ያጣፋች።

«አያ ልየው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። «አዛለች ረጅም ነው ብላኝ ነበር» አለች። ጋሽ ልየው ከእኔ ያጥራሉ። «የዝብነሽ እባላለሁ፤ ከደብረ ኤልያስ ነኝ። ጸበሉ ዘንድ ጎጇችን ጎን ለጎን ነበር። ለእኔ እግዜር ዕድሜ ሰጠኝ።» አንገቷን ደፋች። «ድነሽ ከወጣሽ ቤቴ ነይ፣ ምስኪኗን ልየው ያሳይሻል ብላኛለች። እኛ አገር መብራትም የለን፣ አይቻት አላውቅ። ለዚያ ነው የመጣሁ።»

«ነይ ብላለች?»

«በእመቤቴ፣ ነይ ብላለች።»

ጋሽ ልየው ቆመው አሰቡ። ዓመት ሙሉ ማንም ያላስከፈታቸው ነገር ነው። «እንግዲያው ትእዛዝ ነው» አሉና ነጠላውን ከስክሪኑ ላይ አንሥተው በጥንቃቄ አጠፉት።

የመጀመሪያውን ከፈቱ። ዘፈኑ ተነሣ፣ በዚህ ጊዜ አልተቆረጠም። የዝብነሽ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ይቺ ናት?»

«ናት» አልኳት እኔ።

«ይቺማ አይደለችም። ምስኪኗ ድንች ይዛ ሮብ ገበያ የምትወጣው ናት እንጂ! ባሏም የግምጃ ቤት ሰው ነው፣ ረጅም። ይሄ ጢማሙ ማነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ስል ግን ጋሽ ልየው እጃቸው ማውሱ ላይ እንዳለ ደርቀዋል። ሥዕሉን አቆሙት። ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ይንገሩኝ» አሉ።

ዓመት ሙሉ ጆሯቸውን ይዘው እንዳትነግሩኝ ሲሉ የከረሙ ሰው ናቸው። የዝብነሽ ነገረቻቸው። ማታ ከጸሎት በኋላ በሽተኛው ሁሉ እትዬ አዛለች ጎጆ ደጃፍ ይሰበሰባል። እትዬ አዛለች ወደ ማርቆስ አቅጣጫ ያዩና፣ «አሁን ልየው እየቀዳልኝ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ የዕለቱን ይጀምራሉ። በመጀመሪያ ምስኪኗ ከአማቷ ጋር ነበረች። እየቆየ ሲሄድ አማቲቱ ቀረች፤ ምስኪኗ ታመመች፣ ጸበል ገባች፣ ባሏን ቤት ጠብቅልኝ ብላ አስቀረችው።

«እኛ ተቆጣን» አለች የዝብነሽ። «ምን ዓይነት ባል ነው፣ ሚስቱ እንዲህ ሆና ቤት የሚጠብቅ አልን። በታሪኩ ውስጥ ያለው ገበያተኛም ይሰድበው ነበር። ምስኪኗ ይሄን ስትሰማ ምን አለች መሰለዎት? ‹እኔ ነኝ ተቀመጥ ያልኩት። አጠገቤ ከሆነ ለእሱ ስል ደኅና ነኝ እያልኩ ስዋሽ ልውል ነው። እዚህ እንደ ልቤ አለቅሳለሁ። ማታ ሲሆን ደግሞ እሱ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለእኔ ሲለፋ ይታየኛል፤ ያኔ እንቅልፍ ይወስደኛል› አለች።»

ዓለሚቱ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ እንደነበር ያኔ አየሁ። «እኔም እሰማው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጨዋታ መስሎኝ።»

«መጨረሻውስ?» አሉ ጋሽ ልየው።

«በመጨረሻው ማታ፣ ምስኪኗ አቀበቱ ላይ ወጣች። ከሩቅ የቤቷን መብራት አየችው። ‹አለ› አለች። ‹እዚህ ላይ ይብቃን፣ ነገ እቀጥላለሁ› አለችና ገብታ ተኛች አዛለች። በነጋታው…» የዝብነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ጋሽ ልየው የጠየቁት ጥያቄ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ነው።

«መብራት የጠፋ ቀንስ? በምን ታየዋለች?»

የዝብነሽ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ያዘችው፤ ግንባሯን ቋጥራ አስታወሰች።

«ኩራዝ ነው ያለችው። መስኮት ላይ የተቀመጠች ኩራዝ። የምን ኤሌክትሪክ!»

ያን ጊዜ ጋሽ ልየው አለቀሱ። በቀብሩ ያላለቀሱ ሰው፣ በሙት ዓመቱ፣ የቆመ ሥዕል ፊት ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። ዓለሚቱ ሳህኑን መሬት አስቀምጣ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች፤ ጉልበታቸውን ያዘች። ሙሾዋን ከከተማው መልሳ መሰብሰብ አትችልም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በየሳምንቱ እየመጣች ቤታቸውን ታያለች።

የዝብነሽ ቀሪውን አላየችም፤ «የአዛለች ይሻላል» ብላ በማግስቱ ወደ አገሯ ገባች። ጋሽ ልየው ኮምፒውተሩን ነጠላውን አልብሰው ዘጉት፤ እኔ እስከማውቀው ዳግም አልከፈቱትም። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ ከልማዱ የተነሣ ዘፈኑን ይጠብቅ ነበር። በእሱ ፋንታ የበረንዳቸው አምፖል ማብሪያ ቀጭ ሲል እሰማለሁ። መብራት በሄደ ቀን ደግሞ፣ ላምባዋን ሞልተው ክሯን አስተካክለው፣ መስኮቱ ላይ ኩራዝ ያስቀምጣሉ። ሰው «ጋሼ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» ሲላቸው አይመልሱም። አንዴ እኔ ስጠይቃቸው ግን «ማንንም አልጠብቅም፤ መኖሬን ነው የማሳየው» አሉኝ።

እኔ ከማርቆስ ተዛውሬ ወጣሁ። በየበዓሉ እደውልላቸዋለሁ፤ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ መብራት አለ ወይ ይሉኛል፣ ይመርቁኛል፣ ይዘጋሉ። ሌላ ብዙ የምናወራው አልነበረንም።

እና ብርቄ ስልኩ ላይ እየተቆጣችኝ ሳለ፣ ከኮምፒውተሩ ሌላ መጠየቅ የምፈልገው ነገር እንዳለኝ ታወቀኝ።

«ብርቄ፣ የበረንዳው መብራትስ?»

«መብራትማ ከትናንት ጀምሮ የለም። ኩራዟ ናት የነበረችው፣ መስኮቱ ላይ። ማታ አብርተዋት ነው መሰለኝ የተኙት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «በግርግሩ ማንም ልብ ያላት የለም። እንደ በራች ነጋላት፣ ጠዋት ላምባዋ ሲያልቅ ራሷ ጠፋች።»

ነፍስ ይማር ያልኩት ያኔ ነው።